«ማክ ካልሆነ ሙዚቃ አይሠራም» ለሚሉን ልጆች



ፈተናው አልቆ ክረምቱ ሲገባ በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። በእኛ ጊዜ ጥያቄው ጫማ ነበር፤ በልጆቻችን ጊዜ ብስክሌት ሆነ፤ አሁን ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፕ መጠየቃቸውስ አይገርምም። ዘንድሮ ከተለያዩ እናቶችና አባቶች የምሰማው ጥያቄ ግን ጅራት አለው። «ሲስተር፣ ልጁ ሙዚቃ ልሠራበት ነው ይላል፤ ሙዚቃ የሚሠራው ደግሞ ማክ የሚባለው ላይ ብቻ ነው ይላል። እውነት ነው?» ይሉኛል። አንዲት አያት ደግሞ «የአሜሪካዋ ልጄ ማክ ልትልክለት ተነሳች፤ አጎቱ ሊኑክስ የሚባል ነጻ አለ፣ ብር አታባክኑ አለ፤ አባቱ ዊንዶውስ ይበቃዋል አለ። ማንን ልስማ?» አሉኝ።

እኔ 34 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ይኸው ክርክር ግን የእኔንም ቤት አንኳኳ። ልጄንና የልጅ ልጄን ሁለት ሳምንት ሙሉ አኳረፋቸው። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ ቁጭ ብዬ አጠናሁት፤ የሚያውቁትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ሰፈራችን ያለ አንድ አቀናባሪ ስቱዲዮ ድረስ ሄጄም አየሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንወቀው። ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ ተሸክሞ የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም አለ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ነው፤ በባንክም በቀበሌም በትምህርት ቤትም የምናየው እሱን ነው። ማክ ኦኤስ የአፕል ሲሆን አፕል ራሱ ከሚሠራው ኮምፒውተር ጋር ብቻ ይመጣል። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ነው፤ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ይጫናል። ሙዚቃ የሚቀዳበትና የሚቀናበርበት ፕሮግራም ከእነዚህ የተለየ ነው፤ በእነሱ ላይ ተጭኖ የሚሠራ ነው።

በለመድኩት ቋንቋ ልንገራችሁ። ለታማሚ ደም ሲሰጥ የደሙ ጥሩ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ከተቀባዩ ደም ጋር መስማማቱ አስቀድሞ ይመረመራል። እዚህም እንደዚያው ነው። የትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይበልጣል ብሎ መከራከር የትኛው የደም ዓይነት ይበልጣል እንደማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ልጁ የሚሠራበት ፕሮግራም ስሙ ማን እንደሆነና ፕሮግራሙ ከምን ጋር እንደሚስማማ ነው።

ለምሳሌ ሎጂክ ፕሮ የሚባለው በማክ ላይ ብቻ ይሠራል። ድሮ ኢማጂክ የሚባል የጀርመን ኩባንያ ነበር የሚሠራው፤ በዊንዶውስም ይገኝ ነበር። አፕል በ2002 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ገዛውና የዊንዶውሱን አስቀረው። «ማክ ካልሆነ» የሚለው ወሬ አንዱ ሥሩ ይህ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ልጆች ቢት የሚሠሩበት ኤፍኤል ስቱዲዮ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የቤልጂየም ፕሮግራም ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ፍሩቲሉፕስ በሚል ስም ጀመረና ሃያ ዓመት የዊንዶውስ ብቻ ሆኖ ኖረ። ወደ ማክ በይፋ የገባው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ኩቤዝና ኤብልተን ላይቭ፣ ሁለቱም የጀርመን ናቸው፣ በዊንዶውስም በማክም ይሠራሉ። አራቱም ለሊኑክስ ተብለው አልተሠሩም። ሪፐር የሚባለው በሦስቱም ይሠራል።

እንግዲህ የልጅ ልጄን አስቀምጬ ጠየቅሁት።

«የምትሠራበት ፕሮግራም ስሙ ማን ነው?»

«ኤፍኤል፣ እማማ።»

«ማክ ላይ ነው የተማርከው?»

«አይ፣ በጓደኛዬ ዊንዶውስ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄድበት ስቱዲዮስ?»

«እሱም ዊንዶውስ ነው፤ ኩቤዝ ነው የሚጠቀመው።»

«ታዲያ ማኩን ምን አመጣው?»

ዝም ብሎ ቆየና «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ።

በልጁ አልፈርድም። እኛስ ጎረቤት የዋጠውን ኪኒን ስም ይዘን ፋርማሲ እንሄድ የለ?

አባቱ በበኩሉ «በእቁቤ ዕጣ መጫወቻ አልገዛም» ብሎ ነበር ጠቡን የጀመረው። ልጁም «መጫወቻ አይደለም አባዬ፤ ባለፈው ወር ለሁለት ሰርግ ሠርቼ ተከፍሎኛል» ሲል መለሰ። እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ልጁ እውነቱን ነው። ዛሬ ቅንብር፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ እየተባለ በየዘፈኑ ስም የሚጻፍበት ሙያ ነው፤ እንጀራ የሚበሉበት ሰዎች አሉ። አባቱም ግን እውነት አለው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አካውንቲንግ ሊማር ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አንድ ቤት ሁለት ላፕቶፕ መግዛት ካልቻለ፣ የሚገዛው አንዱ ላፕቶፕ ትምህርቱንም ሙዚቃውንም መሸከም አለበት። አካውንቲንግ ብቻ አይምሰላችሁ፤ አንዳንድ የምህንድስና ፕሮግራሞችም ዊንዶውስ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሊማር ያሰበውን ዘርፍ አስቀድሞ መጠየቅ ከጠብ ያድናል።

ማክን የሚያደንቁት በከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ምክንያታቸውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ እሱም የድምፅ መዘግየት ነው።

ውጭ አገር ካለ ልጃችን ጋር በስልክ ስናወራ መስመሩ የሚዘገይበት ቀን አለ። ሁለታችንም እኩል እንናገራለን፤ ከዚያ ሁለታችንም እኩል ዝም እንላለን፤ «ቀጥይ አንቺ»፣ «አይ ቀጥይ» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ከተቀዳ ከበሮ ጋር ሲጫወት የራሱ ድምፅ በማዳመጫው እንዲያ ዘግይቶ ከመጣበት መጫወት አይችልም። ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። ኮምፒውተሩ ልኩን አንድ በአንድ ሳይሆን ሰብስቦ በጥቅል ነው የሚያቀብለው። በጥቅሉ 256 ካለበት መዘግየቱ 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ጆሮ ብዙም አይሰማውም። 1,024 ከሆነ ግን 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ያውም ለመግቢያው ብቻ፣ መውጫው ሌላ ይጨምራል። ጥቅሉን አሳንሰው ማሽኑ ካልቻለው ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል።

ማክ ይህን ነገር ከመነሻው አብሮት የተሠራ ሥርዓት አለው፤ ማስተካከል ብዙ አይፈልግም። ዊንዶውስ ብቻውን ሲሆን ይዘገያል። ኤሲዮ የሚባል ማገናኛ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ እሱም ከጥሩ ሳውንድ ካርድ ጋር ይመጣል። ሳውንድ ካርድ ስል ማይክና ማዳመጫ የሚሰካባትን፣ በዩኤስቢ የምትገናኘውን ትንሽ ሳጥን ማለቴ ነው። ይህቺ ሳጥን ከተገኘች በጀማሪ ቤት በዊንዶውስና በማክ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ይጠባል። የእኔ ድምዳሜ የመጣው ከዚህ ነው። ለማክ ከሚወጣው ብር ላይ ተርፎ ለሳውንድ ካርድና ለአንድ ደህና ማይክ ቢውል ልጁ የበለጠ ይጠቀማል። ፒያኖውን፣ ከበሮውን፣ ቫዮሊኑን ፕሮግራሞቹ ውስጥ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል፤ የታናሽ ወንድሜን ማሲንቆ ግን ወንድሜን አስቀምጦ በማይክ ካልቀዳ ከየትም አያመጣውም። በነገራችን ላይ ገመድ አልባውን የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አትግዙለት። ለመስማት ይሆናል፤ ለመቅዳት ግን መዘግየቱ አያሠራም።

ሊኑክስን በተመለከተ አጎትየው ውሸት አልተናገረም። ኡቡንቱ ስቱዲዮ የሚባል ለድምፅና ለምስል ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ሊኑክስ አለ፤ ከነፕሮግራሞቹ በነጻ ነው። አርዶር የሚባለው መቅጃ ከውስጡ ይገኛል፤ በቁም ነገር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ያረጀ ላፕቶፕ ያለው፣ ለብቻው የሚሠራ፣ መነካካት የሚወድ ልጅ ከሆነ ይሞክረው እላለሁ። ሕጋዊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ብዙም ያስተምራል። የእኔ ልጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን በፍላሽ ይዞ ስቱዲዮ ይሄዳል፤ ጓደኞቹ የኤፍኤል ፋይል ይልኩለታል። የኤፍኤሉ ፋይል ሊኑክሱ ላይ ካልተከፈተለት ከሚያስተምሩት ሰዎች ጋር ቋንቋው ይለያያል። አስተማሪ ባለበት መንገድ መሄድ ይሻላል፤ ሲጎለምስ እንደፈለገው ይለውጥ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ዊንዶውስ ርካሽ ነው የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ተደብቆ ነው፤ ክራክ። ፕሮግራሙን ሳይከፍሉ ቁልፉን ሰብሮ መጠቀም ማለት ነው። ልጆቻችን እንደ ኃጢአት አያዩትም፤ ሁሉም ያደርገዋል። ስለ ባለቤቶቹ መብት የሚሰብክ ሌላ ሰው አለ፤ እኔ የምናገረው ስለ ኢንፌክሽን ነው። የክራክ መመሪያ የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። ጓንት አውልቀህ ቁስሉን ንካ እንደማለት ነው።

የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ አድርጎ አንድ የድምፅ ማሳመሪያ ጫነ። በማግስቱ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ተቆልፎ፣ ገንዘብ ክፈል የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘው። ዘፈኖቹን እንደገና ሊሠራቸው ይችላል። ነገር ግን ጎጃም ወርዶ አያቱን ሽለላና ቀረርቶ ያስቀዳው እዚያው ላይ ነበር። አያቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ አርፈዋል። በሌላ ዲስክ ላይ አልገለበጠውም ነበር። እናቱ ቤቴ መጥታ ስታለቅስ ልቅሶው ሁለተኛ ጊዜ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ ዋጋ ስታሰሉ የፕሮግራሙን ጨምራችሁ አስሉ። ኤፍኤል ስቱዲዮ ትንሹ 99 ዶላር ገደማ ነው፤ አንዴ ከተገዛ አዲስ በወጣ ቁጥር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታደሳል። ሳይገዛ በነጻ መሞከርም ይቻላል፤ ብቻ የተቀመጠውን ሥራ መልሶ መክፈት አይፈቅድም። ልጆቹን ወደ ክራክ የሚገፋቸውም ይኸው ነው። ሪፐር 60 ቀን በነጻ ይሞከራል፤ ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። ሎጂክ ፕሮ አንዴ ሲገዛ 200 ዶላር ያህል ሲሆን ታናሹ ጋራጅ ባንድ ግን ለማክ ባለቤት በነጻ ነው። ከዚህ አገር ሆኖ በዶላር መክፈል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ለዚህ ነው ውጭ ያሉት ዘመዶቻችን «ምን ልላክ?» ሲሉ ማሽኑን ትተው ፈቃዱን እዚያው ሆነው ገዝተው በኢሜይል እንዲልኩለት የምመክረው። ሻንጣም አይከብድም፤ ጉምሩክም አያይም። እኛ ቤት አክስቱ የማኩን ሐሳብ ትታ ሳውንድ ካርዷንና የኤፍኤል ፈቃዱን ወሰደች፤ አባትየው ደግሞ ላፕቶፑን። ኩርፊያውም በዚያው በረደ።

ላፕቶፑ ያው ስላሽ ነው፤ አዲስ የሚችል ይግዛ፣ እኛ አልቻልንም። ስላሽ የሚገዛ ሰው ግን የሚከተለውን ሳያይ ብር እንዳያወጣ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ስለዚህ ዊንዶውስ 11ን በደንብ የሚቀበል ማሽን ነው የሚያስፈልገው። ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለው ማለት ነው። ሻጩ «6ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ ግን 11 ጭኜበታለሁ» ቢላችሁ ይጫን ይሆናል፤ በደንቡ ግን አይደለም፤ ነገ ቢያስቸግር ተጠያቂ የለውም። ራሙ 16 ጊጋ ቢሆን፣ ካልሆነም መጨመሪያ ቦታ ያለው ይሁን። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን። ልጁን ከነማዳመጫው ይዛችሁት ሂዱ፤ ከባድ የሚለውን ሥራውን በፍላሽ ይያዝና እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍቶ ያጫውተው። ሻጩ ቢያጉረመርም አትፈሩ፤ ጫማ ሳይለኩ የሚገዛ የለም።

ያገለገለ ማክ የምትገዙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። አንዳንዱ ውጭ አገር የኩባንያ ወይም የትምህርት ቤት ንብረት ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ወይም የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንት አልወጣለትም። ሱቅ ውስጥ ሲያሳዩዋችሁ ይሠራል፤ ፎርማት ሲደረግ ግን የባለቤቱን ፓስዎርድ ይጠይቅና ይዘጋል። አጥፍቶ እንደ አዲስ አስነስቶ ካላሳያችሁ አትግዙ። ኢንቴል ያለበትን አሮጌውን ማክም ተዉት። አፕል ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ራሱ ቺፕ ዞሯል፤ ለኢንቴሎቹ የሚያወጣው የመጨረሻው ማክ ኦኤስ የ2025ቱ መሆኑንም አሳውቋል። ራሙ በኋላ የማይጨመር ስለሆነ ስትገዙ ያላችሁ ያው ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ማክ ግዙላት ያልኳቸው አንድ አባትም አሉ። ልጃቸው ጊታር እየመታች የራሷን ዘፈን ትጽፋለች። አይፎኗ ላይ በጋራጅ ባንድ ስትቀዳ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያ ሥራዋ ማክ ላይ እንዳለ ይከፈትላታል፤ ከማንም ጋር ፋይል አትለዋወጥም፤ የምትማረው ትምህርትም ዊንዶውስ አይጠይቅም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ አዲሱ ቺፕ ያለው ማክቡክ ኤር ባትሪው ብዙ ሰዓት ይቆያል። ማራገቢያም የለውም፤ ማይኳ አጠገቡ ሆኖ ስትቀዳ እፍፍ የሚል ድምፅ አይገባባትም። የሚልክላቸው ሰው አለ። ለእሷ ማክ ልኳ ነው። ከአሜሪካ ሲመጣ ቻርጀሩ ይቃጠል ይሆን ብለው ሰግተው ነበር፤ ጽሑፉ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል።

ማሽኑ ከተገዛ በኋላ ዊንዶውስም ይሁን ማክ ለልጆቹ አንድ ሕግ አውጡላቸው። የጀመሩት ሥራ ሳያልቅ፣ በተለይ ተከፍሎበት ቀን የተቆረጠለት ሥራ ሳያልቅ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ወደ አዲስ አይቀይሩ። አፕል በ2019 እ.ኤ.አ. ካታሊና የሚባለውን ሲያወጣ 32 ቢት የሚባሉት የቆዩ ፕሮግራሞች በሙሉ መሥራት አቆሙ፤ የቆዩ የድምፅ መሣሪያዎችም አብረው ቀሩ። ለደህንነት የሚመጡት ትንንሽ ማደሻዎች ይግቡ፤ ትልቁን ግን ሌሎች ሞክረውት፣ የፕሮግራሙ ባለቤት «ይስማማል» ብሎ ካሳወቀ በኋላ ይደረስበታል። የተቀዳው ነገር ሁሉ ደግሞ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ። ዲስኩ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ፤ ሌባ ቦርሳውን ሲወስድ ሁለቱንም ይወስዳልና። የእኛው ዲስክ የሚቀመጠው እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሁድ እሁድ መጥቶ ይወስደዋል፣ ገልብጦ ይመልሰዋል፤ በዚያውም ቡና እንጠጣለን።

ጆሮውን ሳልናገር ብቀር ነርስነቴ ይታዘበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች በ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ከክንድ ርቀት ስትጠሩት ማዳመጫውን እንዳደረገ ካልሰማችሁ ድምፁን ይቀንስ፤ በየሰዓቱም አውልቆ ትንሽ ይረፍ። ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮው ጭው የሚልበት ቀን ካለ የዚያን ቀን ሥራው አብቅቷል፤ ጭውታው ካልለቀቀው ሐኪም ይየው።

በሰላም ያገናኘን።